ብረትን ከዝገት ስለሚጠብቅ የመጀመሪያ ቀለም

ማረሻ በእርሻ ወራት እንደ ብር ያበራል፤ አፈሩ ዕለት ዕለት ይፈትገዋልና። የዘሩ ሥራ አልቆ በጎጆው ጥግ ከተቀመጠ በኋላ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ቀይ ዱቄት ይለብሳል። ይህንን ሰው ሁሉ ዝገት ብሎ ይጠራዋል እንጂ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ በየመንደሩ ያለው ብረት ማረሻና ማጭድ ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤቱ በርና መስኮት፥ የጣራው ቆርቆሮ፥ የወንበሩ እግር፥ የውሃው ቧንቧና የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሁሉ ብረት ነው። ይህም ሁሉ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ስለ ሆነ የሚጠበቅበትን ብልሃት አስተማሪውም የመንደሩ ሽማግሌም ሊያውቁት ይገባል።

ስለ ዝገት ባሕርይ

ዝገት ከውጭ መጥቶ በብረት ላይ የተለጠፈ እድፍ አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ተለውጦ የሆነው ነው። ብረት በመሬት ውስጥ ሲገኝ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም። ኦክሲጅን ከሚባለው የአየር ክፍል ጋር ተዋሕዶ፥ ቀይ ወይም ጥቁር ድንጋይና አፈር ሆኖ ይገኛል። ብረት አቅላጩ በብርቱ የከሰል እሳት ኦክሲጅኑን ከብረቱ ይለየዋል። ብረቱም ውሃና አየር ባገኘ ጊዜ ወደ ቀድሞው ባሕርዩ ለመመለስ ይጀምራል።

አሉሚንየም የሚባለው ማዕድንም ከአየር ጋር ይዋሐዳል፤ ነገር ግን በላዩ የሚወጣው ልባስ ጥብቅና ጠንካራ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን ይጠብቅለታል። የብረት ዝገት እንዲህ አይደለም። ልልና ፍርክስክስ ሆኖ ውሃን ይመጣል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ብረት ይበላል እንጂ አይጠበቅም። ከዚህም በላይ ዝገት ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ስፍራ ይፈልጋል። በበሩ ማጠፊያ ውስጥ ዝገት የገባ እንደ ሆነ በሩ አልከፈት የሚለው፥ ከቀለም በታች የገባም እንደ ሆነ ቀለሙን እንደ ቁስል እብጠት ገፍቶ የሚያነሣው ስለዚህ ነው።

ይህንን ተማሪዎች በዓይናቸው እንዲያዩት አስተማሪው አራት ብርጭቆና አራት አዳዲስ ጥቁር ምስማሮች ያዘጋጅ። አንደኛውን ምስማር በደረቅ ብርጭቆ አድርጎ አፉን በደንብ ይክደን። ሁለተኛውን፥ ብዙ ጊዜ ፈልቶ አየሩ በወጣለት ውሃ ውስጥ አስጥሞ፥ አየር ተመልሶ እንዳይገባበት በውሃው ላይ ጥቂት ዘይት ያንሳፍፍበት። ሦስተኛውን ግማሹ ከውሃ ውስጥ፥ ግማሹ ከውሃ ውጭ እንዲሆን ያቁመው። አራተኛውንም እንዲሁ ያቁመው፤ ነገር ግን በውሃው ላይ አንድ ማንኪያ ጨው ይጨምርበት። ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ሲመለከቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ሳይለወጡ ሦስተኛውና አራተኛው ዝገው ያገኟቸዋል። አየር ብቻውን ወይም ውሃ ብቻውን ብረትን እንደማይበላ፥ ሁለቱ ሲገናኙ ግን እንደሚበሉት፥ ጨውም ሥራቸውን እንደሚያፋጥንላቸው ከዚህ ይረዳሉ።

ውሃ ሲባል ዝናብ ብቻ እንዳይመስል ያስፈልጋል። የሌሊት ጤዛ ይበቃል። ጤዛ እንኳ ባይታይ፥ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ 60 እጅ ያህል ሲያልፍ ዓይን የማያየው የውሃ ሽፋን በብረቱ ላይ ያድርና ሥራውን ይጀምራል። በጅቡቲና በምጽዋ ያለ ብረት በአዲስ አበባ ካለው ይልቅ ቶሎ የሚበላው የባሕር ጨው በነፋስ እየመጣ ስለሚያርፍበት ነው። በደጋው አገርም ቢሆን የከብት ሽንት የሚነካው የበር እግር ከበሩ ራስ ቀድሞ ይበሳሳል፤ ሽንት ጨው አለበትና።

የመጀመሪያው ቀለም ለምን እንደሚያስፈልግ

ባለጸጋ ሰው ካባ ሲለብስ ተመልካቹ የሚያየው ካባውን ነው፤ ሰውነቱን የሚነካው ግን ከሥር ያለው እጀ ጠባብ ነው። የብረት ቀለምም እንደዚሁ ነው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው የላይኛው ቀለም ፀሐይንና ዝናብን ይመክታል፥ ለዓይንም ያምራል። ብረቱን የሚነካው ግን ከሥሩ የሚቀባው የመጀመሪያው ቀለም ነው። ይህንን በገበያ አንቲረስት ይሉታል።

ብዙ ሰው ቀለም ውሃን ፈጽሞ የሚከለክል ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም፤ ማናቸውም ቀለም ቢሆን ጥቂት ውሃና ጥቂት አየር ያሳልፋል። በብሩሽ የተቀባ አንድ ልባስ ሲደርቅ ከሰው ጠጉር የቀጠነ ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀለም ሥራ ውሃን ማገድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፥ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ቀለሙ ከብረቱ ካልተላቀቀ ውሃው የሚሰበሰብበት ስፍራ አያገኝም። ሁለተኛ፥ በውስጡ ያለው የቀለም ዱቄት ከሚገባው ጥቂት ውሃ ጋር ተዋሕዶ የብረቱ ገጽ በቀላሉ እንዳይበላ ያደርገዋል። የላይኛው ቀለም ይህ ሁለተኛው ኃይል የለውም። በባዶ ብረት ላይ ውድ የላይ ቀለም ሁለት ጊዜ ከሚቀባ ሰው ይልቅ፥ አንድ ጊዜ አንቲረስት አንድ ጊዜም ርካሽ የላይ ቀለም የቀባ ሰው በሩን ብዙ ዓመት ያቆየዋል።

ስለ ቀይ እርሳስ

ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ሁሉ ለብረት የመጀመሪያ ቀለም ሆኖ የኖረው ቀይ እርሳስ ነው። እርሳስ ሲባል ተማሪ የሚጽፍበት እንዳይመስል አስተማሪው ያስረዳ። የመጻፊያው እርሳስ ልብ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ሲሆን ይህኛው ግን ጥይት የሚፈስበት ከባድ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን በእሳትና በአየር ሲቃጠል እንደ ብርቱካን የደመቀ ቀይ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ከተልባ ዘይት ጋር ሲለወስ፥ ዘይቱና እርሳሱ ተዋሕደው እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይወጣቸዋል፤ የብረቱን መበላት የሚገታውም ይህ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ለወጥና ለመጠጥ የሚዘራው ተልባ፥ በሌላው ዓለም የታላላቅ ድልድዮችን ብረት ያለበሰው ዘይት ምንጭ ነው።

በስኮትላንድ አገር በፎርዝ ወንዝ መግቢያ ላይ የተሠራው የባቡር ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። ድልድዩ በ1890 በአውሮፓ አቆጣጠር ሲከፈት ከ50 ሺህ ቶን የሚበልጥ አረብ ብረት ፈጅቶ ነበር፤ ርዝመቱም ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በባሕር አጠገብ ስለ ቆመ ጨው ያዘለ ነፋስ ሳያቋርጥ ይመታዋል። ከሥር ቀይ እርሳስ፥ ከላይም ከብረት አፈር የተሠራ ቀይ ቀለም ተቀባ። ከዚያም ወዲህ ቀቢዎች ዓመት እስከ ዓመት ከላዩ አልወረዱም። ሠራተኛው ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ሌላው ጫፍ ሲደርስ የመጀመሪያው አርጅቶ ይጠብቀዋል እየተባለ፥ ድልድዩን መቀባት በእንግሊዝ አገር ለማያልቅ ሥራ ሁሉ መተረቻ ሆኖ ቀረ።

ቀይ እርሳስ ብረትን ያቆያል፤ ሰውን ግን ይጎዳል። ቀለሙ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፥ ይረግፋል፥ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱም በእጅና በምግብ ወደ አፍ፥ በትንፋሽም ወደ ሳንባ ይገባል። ከደም ወደ አጥንት ገብቶ፥ ካልሲየም የሚባለው የአጥንት ማዕድን ሊቀመጥበት በሚገባው ስፍራ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። አዋቂ ሰው የሆድ ቁርጠት፥ የደም ማነስ፥ የእጅ መዛል ያገኘዋል። የልጅ ጉዳት ከዚህ ይከፋል፤ አንጎሉ ገና በማደግ ላይ ነውና። ከሚውጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ክፍል ከአዋቂው ይበዛል፤ በምግብ እጦት ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ አብዝቶ ይቀበላል። የተላጠው ቀለም ጣፈጥ የሚል ስለ ሆነ ሕፃን እየለቀመ ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ የማይጎዳ ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

ጉዳቱ ትኩሳት ወይም ሽፍታ አያሳይም። ልጁ ለትምህርት ይዘገያል፥ ያስተማሩትን ይረሳል፥ አርፎ መቀመጥ ያቅተዋል፥ በጥቂት ነገር ይቆጣል። አስተማሪው ሰነፍ ወይም ባለጌ ብሎ የሚቀጣው ልጅ ምናልባት እንዲህ ያለ በሽታ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ይህንንም በመልክ ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው ሐኪም ደሙን ሲመረምር ብቻ ነው። አንጎል አንድ ጊዜ ከተጎዳ በኋላም ወደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

መንግሥታትም ይህንን አውቀው ሕግ ያወጡት ቀስ በቀስ ነው። በ1921 በጄኔቭ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ነጭ እርሳስ በቤት ውስጥ ቀለም እንዳይገባ የሚከለክል ውል አወጣ፤ የብረት ቀለም የሆነውን ቀይ እርሳስ ግን አልነካውም። በኢትዮጵያም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ደንብ፥ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ደንቡ አዲሱን ቀለም ይከለክላል እንጂ አስቀድሞ በበርና በመስኮት ላይ የተቀባውን አይፍቀውም። በፓሪስ ከተማ በ1889 የተሠራው የኤፍል ግንብ እንኳ አሮጌ ቀለሙ ሲፋቅ እርሳሱ ስለ ታየ በ2021 የማደሱ ሥራ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ቀለሙ መቼና በምን እንደ ተቀባ የማይታወቅ አሮጌ በር ያለበት ትምህርት ቤት እንዲህ ቢያደርግ ይሻላል። ቀለሙ ጠንክሮ የያዘ ከሆነ ሳይፍቁ በላዩ አዲስ ቀለም መቀባት ይበቃል። የሚረግፍ ከሆነ ሥራው የአዋቂ ነው፤ ተማሪዎች በሩን እንዲፍቁ ማዘዝ ግን አይገባም፤ እርጉዝ ሴትም ከአጠገቡ ትራቅ። በደረቁ መፋቅና በእሳት ማቃጠል ሁለቱም ክፉ ናቸው፤ አንዱ ዱቄቱን፥ ሌላው ጢሱን ወደ ሳንባ ያስገባልና። ሠራተኛው አፍንጫና አፉን ሸፍኖ፥ በሩን በውሃ እያራሰ በመፋቂያ ያንሣው፤ ከሥሩም ላስቲክ ያንጥፍ። ረግፎ የተሰበሰበው ሁሉ በላስቲክ ታስሮ፥ ከጉድጓድ ውሃና ከእርሻ ርቆ፥ የወረዳው የጤና ሠራተኛ በሚያሳየው ስፍራ ይወገድ። በግቢው ውስጥ ቢበተን ዶሮ ይለቅመዋል። ከብትም እንዲህ ያለውን ቀለም እየላሰ የሚሞትበት ጊዜ ስላለ፥ አሮጌ ቀለም ያለበት የብረት በር ለበረት አጥር ወይም ለገንዳ መክደኛ መሆን የለበትም። ሠራተኛው እጁንና ፊቱን ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፤ ልብሱም ከልጆቹ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

ስለ አዳዲሶቹ ቀለሞችና ስለ ዚንክ

በቀይ እርሳስ ፋንታ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የብረት አፈር ዱቄትና ዚንክ ፎስፌት የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። የብረት አፈሩ ከዝገት ጋር አንድ ዘር ነው፤ ብረትን ከዝገት የሚጋርደው የዝገት ወንድም መሆኑ የሚያስገርም ነገር ነው። ነገር ግን እርሱ ይሸፍናል እንጂ ብረቱን አያክምም፤ የሚያክመው ዚንክ ፎስፌቱ ነው። በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ ቁመቱ ሰባት ሜትር ያህል የሆነ የብረት ዓምድ ከ1500 ዓመት በላይ ሜዳ ላይ ቆሞ ዝገት ጥቂት ብቻ ነክቶታል። የመረመሩት ሊቃውንት ምክንያቱን በብረቱ ውስጥ ባለው ብዙ ፎስፎር ያደርጉታል።

ቀይ የሆነ አንቲረስት ሁሉ ቀይ እርሳስ አይደለም፤ የብረት አፈሩ ቀለም እንደ ሸክላ ገል ደብዘዝ ያለ ነው። ይሁን እንጂ በመልኩ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ገዢው በጣሳው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበትን ይፈልግ፥ ሻጩንም ይጠይቅ።

የጣራ ቆርቆሮ ነገር ከዚህ ይለያል። በአማርኛ ቆርቆሮ የሚለው ስም ለቤት መክደኛውም፥ በምግብ ጣሳ ላይ ለሚለበጠው ነጭ ማዕድንም ይነገራል፤ መክደኛው ግን የተለበጠው በዚያ ማዕድን ሳይሆን በዚንክ ነው። ልዩነቱ ታላቅ ነው። የእንግሊዝ አገር ሊቅ ሀምፍሪ ዴቪ በ1824 የመርከብ ሆድ የተለበጠበትን መዳብ ከባሕር ጨው ለመጠበቅ ጥቂት ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝበት፥ የተያያዘው እየተበላ መዳቡ ዳነ። መዳቡ መበላቱን በተወ ጊዜ ግን መርዙም ስለ ቀረ የባሕር አረምና ቀንድ አውጣ ተጣብቆበት መርከቡ ዘገየ፤ የባሕር ኃይሉም ብልሃቱን ተወው። ዚንክን በብረት ላይ የማልበሱ ነገር ግን ሠመረ፤ ፈረንሳዊው ሶሬል በ1837 የብልሃቱን መብት አስመዘገበ። ዚንክ ከብረት ይልቅ ለመበላት የፈጠነ ስለ ሆነ፥ ቆርቆሮው ቢጫር እንኳ ዚንኩ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል። የምግብ ጣሳው ማዕድን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ከተጫረ በኋላ ራሱ ሳይበላ ብረቱ እንዲበላ ያፋጥናል። አስተማሪው የአዲስ ቆርቆሮ ቁራጭና የባዶ ጣሳ ቁራጭ በምስማር ጭሮ፥ በጨው ውሃ እያረጠበ ቢያስቀምጣቸው ልዩነቱን በጥቂት ቀን ያሳያል።

አዲስ ቆርቆሮ ቀለም አያስፈልገውም፤ ተራ የዘይት ቀለም ቢቀባበትም ከዚንኩ ጋር ስለማይስማማ ይላጣል። ዚንኩ አልቆ ቀይ ነጠብጣብ ማሳየት ሲጀምር ግን ታጥቦና ተፍቆ ለቆርቆሮ የሚሆን አንቲረስት ይቀባል። ቀዳዳ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ጣራውን እንደገና ይገዛል።

ስለ አቀባቡ ሥርዓት

የፎርዝ ድልድይ ሥራ የማያልቅ የነበረው ቀለሙ ስላነሰ ሳይሆን አሮጌው በሚገባ ሳይነሣ በላዩ ስለሚቀባ ነው። ከ2002 እስከ 2011 አሮጌው ሁሉ በግፊት በሚረጭ ደቃቅ ጠጠር እስከ ባዶው ብረት ድረስ ተነሣ፤ በንጹሑም ላይ ሦስት ልባስ ተቀባ። ከዚያም ቀቢዎቹ ወረዱ፤ አዲሱ ልባስ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎ ይታሰባል። የመንደር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም፤ የሽቦ ብሩሽና ሻካራ ወረቀት ግን አያጣም።

ከፋብሪካ የመጣ አዲስ ብረት ቅባትና ጥቁር ሰማያዊ ቅርፊት አለበት። ቅባቱ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ቅርፊቱም ይፋቅ። ብየዳ በነካው ስፍራ የቀረው ጥቁር ጥላሸትና ፍንጣሪ በመዶሻ ተመትቶ ይርገፍ፤ በር ሁሉ መጀመሪያ የሚዝገው በብየዳው መገጣጠሚያ ነውና። የተጠረገ ብረት ማደር የለበትም፤ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ተጠርጎ ቀኑ ሳይመሽ ይቀባ። ቀትር ላይ በፀሐይ የጋለ ብረት ቀለሙን ሳይጠጣ ያደርቀዋል።

ቀለም ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጠርዙ፥ የብሎኑ ራስና መገጣጠሚያው በትንሽ ብሩሽ ይነካ፥ ሰፊው ገጽ በኋላ ይቀባ። አንድ ወፍራም ልባስ ከላዩ ደርቆ ከውስጡ ርጥብ ሆኖ ስለሚቀር ሁለት ስስ ልባስ ይሻላል። አንድ ሊትር አንቲረስት አንድ ጊዜ ለመቀባት ለ10 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፥ ወርዱ አንድ ሜትር የሆነ በር ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢቀባ አንድ ሊትር የማይሞላ ቀለም ይፈጃል።

በየከተማው የሚታይ ክፉ ልማድ አለ፤ በያጁ በሩን በአንቲረስት ብቻ ቀብቶ ያስረክባል፥ ባለቤቱም እንደዚያው ዓመታት ያኖረዋል። አንቲረስት ለብቻው ፀሐይና ዝናብ አይችልም። የጣሳው ጽሑፍ በሚያዝዘው ጊዜ፥ ቢዘገይም በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ የላይ ቀለም ሊለብስ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ፥ ዝናቡ ካቆመና ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፥ አንድ ሰው ትንሽ ጣሳ፥ ሻካራ ወረቀትና ብሩሽ ይዞ ይዙር። የበሩን የታች ጠርዝ፥ የማጠፊያውን ሥር፥ የመስኮቱን ውሃ የሚቋጥር ጥግና የምሰሶውን መሬት የሚነካ እግር ይመልከት፤ አሮጌ ቀለም ባለበት ስፍራ አስቀድሞ በውሃ ያርሰው። የተነሣውን ፍቆ ያድርቀው፥ አንቲረስት ይንካው፥ ሲደርቅም የላይ ቀለም ይጨምርበት። ስድስት ክፍል ላለው ትምህርት ቤት ይህ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው።